ጊልበርት ሉዊስና ሁለቱ ነጥቦች

ኬሚስትሪን የጀመረ ተማሪ ሁሉ በደብተሩ ላይ በሁለት ፊደላት መካከል ሁለት ነጥቦች መጻፉ አይቀርም፤ ነጥቦቹ ከወዴት እንደ መጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የነጥቦቹን አባት የጊልበርት ኒውተን ሉዊስን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉዊስ በ1875 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ነብራስካ ሄዶ አደገ፤ የመጀመሪያውንም ትምህርት ከወላጆቹ በቤቱ አገኘ። ከዚያም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1899 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ፤ ወደ ጀርመንም ተሻግሮ በላይፕሲክና በጌቲንገን በታላላቅ ሊቃውንት ዘንድ ዕውቀቱን አዳበረ።

በዚያ ዘመን ሊቃውንትን የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ ነበር። ኤሌክትሮን በ1897 ዓ.ም. ከታወቀ በኋላ፣ አንዱ አቶም ኤሌክትሮን ሲሰጥ ሌላው ሲቀበል ሁለቱ እንደሚሳሳቡ ታሰበ። የገበታ ጨው በዚህ መንገድ ይገለጻል፤ ሶዲየም ይሰጣል፣ ክሎሪን ይቀበላል። ነገር ግን ሁለት የሃይድሮጂን አቶሞች ሲጣመሩ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ? ሁለቱ ፍጹም እኩዮች ናቸውና አጥጋቢ መልስ ጠፋ።

ሉዊስ በ1902 ዓ.ም. በሃርቫርድ ሲያስተምር ሳለ፣ አቶምን ስምንት ማዕዘን ባለው ኩብ መስሎ በየማዕዘኑ ኤሌክትሮን እያኖረ በወረቀት ላይ ሣለ። ሥዕሉን ግን ለማሳተም አልቸኮለም። በ1904 ዓ.ም. ወደ ፊሊፒንስ ሄዶ በማኒላ የሚዛንና የመስፈሪያ ሥራ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ተመልሶም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሠራ። በ1912 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌ፣ የኬሚስትሪ ኮሌጅ ዲን ሆኖ ተሾመ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ያ የወረቀት ሥዕል ከ14 ዓመት በኋላ በ1916 ዓ.ም. በስሎ ታተመ።

የሉዊስ መልስ እንዲህ ነው፤ በአቶሞች መካከል መስጠትና መቀበል ብቻ ሳይሆን መጋራትም አለ። እያንዳንዱ የሃይድሮጂን አቶም አንድ ኤሌክትሮን ያዋጣል፤ ጥንዱም የሁለቱ የጋራ ገንዘብ ይሆናል። አቶሞቹን የሚያስተሳስራቸው ይህ ጥንድ ራሱ ነው፤ በደብተራችን የምንጽፋቸው ሁለት ነጥቦችም የእርሱ ምልክት ናቸው። እንደ ናይትሮጂን ሦስት ጥንድ የሚጋሩትን አቶሞች ግን ኩቡ ሊያሳይ አልቻለም። ሉዊስም የገዛ ኩቡን አላመለከውም፤ ኩቡን ትቶ ጥንዱን ያዘ።

ከ1919 ዓ.ም. ጀምሮ ኢርቪንግ ላንግሚር የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሐሳቡን አስፋፋው፤ ኮቫለንት የሚለውንም ስም ያወጣ እርሱ ነው። አንደበተ ርቱዕ ነበርና ብዙ ሰዎች ትምህርቱን በላንግሚር ስም ይጠሩት ጀመር። ሉዊስ ግን በ1923 ዓ.ም. ሐሳቡን በመጽሐፍ አብራርቶ ጻፈ። በ1927 ዓ.ም. ሃይትለርና ለንደን የተባሉ ጀርመናውያን ጥንዱ ስለ ምን አቶሞችን እንደሚያስተሳስር በአዲሱ የኳንተም ትምህርት አስረዱ።

ሉዊስ ለኖቤል ሽልማት ብዙ ጊዜ ታጨ፤ አንድ ጊዜም አልተሰጠው። ላንግሚር በሌላ ሥራው በ1932 ዓ.ም. ሲሸለም፣ በበርክሌ ከተማሩት መካከል ዩሪ በ1934፣ ጂዮክ በ1949፣ ሲቦርግ በ1951 ዓ.ም. ተሸለሙ። መምህሩ ግን በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም.፣ በ70 ዓመቱ፣ ከሥራው ሳይለይ በቤተ ሙከራው ውስጥ ሞቶ ተገኘ።

እኛ ተማሪዎች ዘወትር ስለ ማዕረግና ስለ ሽልማት እናስባለን፤ ይህም ክፉ አይደለም። ነገር ግን ሉዊስ ያላገኘውን ሜዳይ የሚያስታውስ ጥቂት ሲሆን፣ ነጥቦቹን የሚጽፍ ተማሪ በዓለም ሁሉ አለ። እውነተኛ ሐሳብ ጊዜ ቢወስድም፣ ሌላ ሰው ቢመሰገንበትም፣ ሥራውን መሥራቱን አይተውም። እኛም ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፣ ማን አመሰገነን ሳይሆን ምን እውነት አገኘን ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል።