የፍራንክሊን ትንሿ ደብተር



ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያቅተን ጉልበት አጥተን ሳይሆን ሐሳባችን ተበታትኖብን ነው። እኔ በአንድ የፈተና ሰሞን ትልቅ የጊዜ ሰሌዳ አዘጋጅቼ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም አስጊጬ ከአልጋዬ ራስጌ ለጠፍኩት። ንባቡ፣ የቤት ሥራው፣ የመዝሙር ጥናቱ፣ እንቅልፉ ሳይቀር ሰዓት ተመድቦለት ነበር። ሰኞንና ማክሰኞን በደንብ ሄድኩበት። ረቡዕ ጓደኛ መጣና ጨዋታው ረዘመ፤ የረቡዕ ንባብ ወደ ሐሙስ፣ የሐሙሱም ወደ ዓርብ ተላለፈ። ቅዳሜ ሰሌዳውን ማየት ስላሳፈረኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ ገልብጬ ለጠፍኩት። ከእናንተም መካከል ይህን የመሰለ ነገር የደረሰበት ሳይኖር አይቀርም።

በዚያው ሰሞን በቤተ መጻሕፍት ውስጥ የቤንጃሚን ፍራንክሊን የሕይወት ታሪክ አጋጠመኝ። እርሱም ሰሌዳ አውጥቶ ያልተሳካለት ሰው ነበረ። ነገር ግን ሰሌዳውን አልገለበጠውም። ስለዚህ ታሪኩን ባካፍላችሁ ይጠቅመናል ብዬ አሰብኩ። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ፍራንክሊን በ1706 ዓ.ም. በሰሜን አሜሪካ በቦስተን ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ አገሩ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበር። አባቱ ሻማና ሳሙና እየሠራ የሚሸጥ፣ የ17 ልጆች አባት ነበረ። ኑሮው ስለ ከበደው ትንሹን ልጁን ከሁለት ዓመት ያህል በላይ ሊያስተምረው አልቻለም። ፍራንክሊን በ12 ዓመቱ የማተሚያ ሙያ ለመማር በታላቅ ወንድሙ በጄምስ ማተሚያ ቤት ገባ።

ዕድሜው 16 ገደማ ሲሆን አንድ ዘዴ አሰበ። ወንድሙ ለምግቡ ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሹን በእጁ ቢሰጠው ራሱን ችሎ እንደሚመገብ ነገረው። ከተሰጠውም ግማሹን አተረፈና መጽሐፍ ገዛበት። ሌሎቹ ሠራተኞች ለምሳ ሲወጡ እርሱ በማተሚያ ቤቱ ቀርቶ፣ ቁራሽ ዳቦና ጥቂት ዘቢብ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ የቀረውን ሰዓት ያነብ ነበር። ትምህርት ቤት ሳለ ሁለት ጊዜ የወደቀበትን ሒሳብ ያን ጊዜ ብቻውን አጥንቶ ተወጣው።

ከወንድሙ ጋር ባለመስማማቱ በ1723 ዓ.ም. በ17 ዓመቱ ወደ ፊላደልፊያ ኮበለለ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ለንደን ተሻግሮ እስከ 1726 ዓ.ም. በዚያ በማተሚያ ቤቶች ሠራ። የለንደን ሠራተኞች ቢራ ያበረታናል እያሉ ከማለዳ እስከ ማታ ይጠጡ ነበር። ፍራንክሊን የሚጠጣው ውኃ ብቻ ነበር። ነገር ግን እነርሱ ፊደል የታሰረበትን ከባድ ገጽ አንዱን በሁለት እጃቸው ይዘው ደረጃ ሲወጡ፣ እርሱ በእያንዳንዱ እጁ አንድ አንድ ይዞ ይወጣና ይወርድ ነበር።

ወደ ፊላደልፊያ ከተመለሰ በኋላ በ1728 ዓ.ም. ከአንድ ባልንጀራው ጋር የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ማተም ማለት የብረት ፊደል አንድ በአንድ ለቅሞ መደርደር ነው። ከታተመም በኋላ ፊደሉ ሁሉ ለነገ ሥራ ወደየሣጥኑ ይመለሳል። አንድ ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ እንዲያትሙ ሲሰጣቸው ፍራንክሊን በየቀኑ የአንድ ትልቅ ወረቀት ፊደል ለቅሞ ሳይጨርስ ላለማደር ወሰነ። ፊደሉን ወደየሣጥኑ መልሶ ሲጨርስ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ይሆን ነበር። አንድ ሌሊት ሥራው ሁሉ አለቀ ሲባል የታሰረው ፊደል ተፈታና የሁለት ገጽ ፊደል ተደበላለቀ። ይታያችሁ! የብዙ ሰዓት ድካም ባከነ። ፍራንክሊን ግን ለነገ አላለም። እዚያው ፊደሉን ለይቶ፣ ሁለቱን ገጾች እንደገና ለቅሞ ከጨረሰ በኋላ ተኛ።

ይህ ትጋቱ ከጎረቤት አልተሰወረም። የከተማው ነጋዴዎች ተሰብስበው አዲሱ ማተሚያ ቤት መክሰሩ አይቀርም ሲሉ፣ አንድ ሐኪም ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፍራንክሊንን በሥራ ላይ እንደሚያየው፣ ጎረቤት ከእንቅልፉ ሳይነሣም ሥራ ጀምሮ እንደሚያገኘው መሰከረ። ከዚህም የተነሣ ከነጋዴዎቹ አንዱ ዕቃ ሊያቀርብለት ፈቀደ። በ1730 ዓ.ም. ያገባት ሚስቱ ዲቦራም ወረቀት እያጠፈች፣ እየሰፋች፣ ሱቅ እየጠበቀች፣ ለወረቀት ሠሪዎች የሚሸጠውን አሮጌ ጨርቅ እየገዛች አብራው ደክማለች። ለሥራው መቃናት የእርስዋም እጅ አለበት።

አሁን ወደ ደብተሪቱ ልምጣ። ፍራንክሊን በወጣትነቱ ከጥፋት ሁሉ ለመራቅ ቆርጦ ተነሣ። ግን አንዱን ጥፋት ሲጠብቅ ሌላው በጎን ይገባበታል። ስለዚህ በጎ ልማዶችን በ13 ከፈላቸው። እነርሱም በልክ መብላትና መጠጣት፣ ዝምታ፣ ሥርዓት፣ ቁርጠኝነት፣ ቁጠባ፣ ትጋት፣ ቅንነት፣ ፍትሕ፣ ከመጠን አለማለፍ፣ ንጽሕና፣ እርጋታ፣ ከዝሙት መራቅና ትሕትና ናቸው። ትሕትናን የጨመራት አንድ ወዳጁ ትዕቢቱን ስለ ገለጠለት ነው። በትንሽ ደብተር ገጽ ላይ ለሳምንቱ ቀናት 7 ዓምድ፣ ለልማዶቹ 13 መስመር አሰመረ። ማታ ማታ የዕለቱን ጥፋት እያሰበ በየቦታው ጥቁር ነጥብ ያደርግ ነበር።

እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አልያዘም። በአንድ ሳምንት አንዱን ልማድ ብቻ ለይቶ በዚያ መስመር ላይ ነጥብ እንዳይኖር ይጠነቀቃል፤ በሌሎቹ ላይ ነጥቡን ከማስፈር በቀር አይጨነቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ይይዛል። በ13 ሳምንት አንድ ዙር፣ በዓመት አራት ዙር ይሆናል ማለት ነው። ለአዲሱ ዙር የፊተኛውን ነጥብ እየፋቀ ስለሚያጠፋ ወረቀቱ ተበሳሳ። ስለዚህ መስመሩን በዝሆን ጥርስ ገጾች ላይ በቀይ ቀለም አሰመረና ነጥቡን በእርሳስ እያደረገ በእርጥብ ስፖንጅ ይጠርገው ጀመር።

ለቀኑም ሥርዓት ነበረው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣና ታጥቦ፣ ጸልዮ፣ በዚያ ቀን ምን በጎ ነገር እንደሚሠራ ራሱን ይጠይቃል። የዕለቱን ሥራ አስቦ፣ ጥቂት አጥንቶ፣ ቁርስ ይበላል። ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ሥራ፤ ከ6 እስከ 8 ንባብ፣ የሒሳብ መዝገብ ማየትና ምሳ፤ ከ8 እስከ ማታ 12 ሰዓት እንደገና ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ሁሉ ወደየቦታው ይመልሳል፤ ራት፣ ሙዚቃና ጨዋታ ይከተላል፤ በመጨረሻም ቀኑን ምን በጎ ነገር እንደ ሠራበት ራሱን ይመረምራል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ይተኛል።

ሁሉን ፈጸመው ወይ? አልፈጸመም። ከ13ቱ አብልጦ ያስቸገረው ሥርዓት፣ ማለት ዕቃን በቦታው፣ ሥራን በሰዓቱ ማድረግ ነው። ባለጉዳይ በፈለገው ሰዓት እየመጣ ሰሌዳውን ያፈርስበታል። ሊተወውም ተቃርቦ ነበር። ይህን ሲያስብ የሚያስታውሰው አንድ ምሳሌ ነበረው፤ ሰውየው የመጥረቢያው አካል ሁሉ እንደ ስለቱ እንዲያበራ ፈለገ፤ አንጥረኛውም ሰውየው የመሳያውን ድንጋይ ካዞረለት ሊስልለት ተስማማ፤ ሲያዞር ቢደክመው ሰውየው ነጠብጣቡን መጥረቢያ ወደድኩት ብሎ ሄደ። ፍራንክሊንም እንደዚያ ለማለት ተፈትኖ ነበር። ሆኖም በ79ኛ ዓመቱ ሲጽፍ፣ ካሰበው ፍጹምነት ባይደርስም በመሞከሩ የተሻለና የተደሰተ ሰው እንደ ሆነ መስክሯል።

ፍሬውም ታይቷል። በ1748 ዓ.ም. በ42 ዓመቱ የማተሚያ ቤቱን ሥራ ለሸሪኩ ትቶ ለምርምር ጊዜ አገኘ። ቤትን ከመብረቅ የሚጠብቀውን ዘንግ ፈለሰፈ። በ1776 ዓ.ም. የአገሩን የነጻነት መግለጫ፣ በ1787 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱን ከፈረሙት አንዱ ሆነ።

ነገር ግን ያልተቆጠረለትን ነጥብ መሸፈን አይገባም። በደብተሩ ላይ ፍትሕ የሚል መስመር እያለ፣ ፍራንክሊን ለብዙ ዘመን በቤቱ ባሪያዎች ነበሩት፤ ጋዜጣውም የባሪያ ሽያጭ ማስታወቂያ ያወጣ ነበር። በየማታው ሲመረምር ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። በእርጅናው ዐይኑ ተከፈተና በ1787 ዓ.ም. ባርነትን የሚቃወም ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1790 ዓ.ም. መጀመሪያ ባርነት እንዲቀር ለአገሩ ምክር ቤት አቤቱታ ፈርሞ ላከ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በ84 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ በአንድ ሳምንት አንድ ነገር እንያዝ። ሁለተኛ፣ ማለዳ የቀኑን ሥራ እንወስን፤ ማታ ዕቃችንን ወደ ቦታው እንመልስ፤ ነገ ጠዋት እስክሪብቶ ፍለጋ የሚጠፋው ሰዓት ይተርፈናል። ሦስተኛ፣ ሥራው በተበላሸበት ሌሊት ወዲያው እናንሣው፤ የተደበላለቀ ፊደል ሲያድር ይብሳል። አራተኛ፣ ማታ ራሳችንን ስንመረምር የጠፋውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በእኛ ሥራ ምክንያት የተጎዳ ሰው መኖሩንም እንጠይቅ። ትጋት ብቻውን ፍትሕን አያመጣምና።

እኔም ያንን ያጌጠ ሰሌዳ አነሣሁትና በደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሰባት ዓምድና አንድ መስመር ብቻ አሰመርኩ። መስመሩ፣ የጀመርኩትን ምዕራፍ ሳልጨርስ ከመቀመጫዬ አለመነሣት የሚል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ነጥብ ቆጠርኩ። በሁለተኛውም አምስት። በሦስተኛው ሦስት ሆነ። ሦስቱም ነጥቦች እዚያው ገጹ ላይ አሉ፤ አልገለበጥኩትም። እናንተም ዛሬ ማታ አንዲት መስመር አስምሩና በሚመጣው እሑድ ስንገናኝ ስንት ነጥብ እንዳገኛችሁ እንነጋገር።