የቆሽት ደሴቶችን ያገኙት ወጣት ሐኪም ፓውል ላንገርሃንስ

የስኳር በሽታን በንቅለ ተከላ ለማከም የሚካሄደው ምርምር በቆሽት ውስጥ የሚገኙ ጥቃቅን የሴል ስብስቦችን ለይቶ በማውጣትና በማጥራት ላይ የተመሠረተ ነው። ስብስቦቹ የላንገርሃንስ ደሴቶች በመባል ይታወቃሉ። ስያሜውን ያገኙት በ21 ዓመታቸው ለይተው ባዩዋቸው ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እኚህ ሰው ግን የደሴቶቹን ጥቅም ሳያውቁ፣ ስያሜውንም ሳይሰሙ ነው ሕይወታቸው ያለፈው።

ፓውል ላንገርሃንስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 25 ቀን 1847 በበርሊን ከተማ ከሐኪም አባት ተወለዱ። የሕክምና ትምህርታቸውን በየና ጀምረው በበርሊን በታዋቂው ሳይንቲስት ሩዶልፍ ፊርኾ ዘንድ ቀጠሉ። ገና ተማሪ ሳሉ በ1868 ዛሬም በስማቸው የሚጠሩትን የቆዳ ሴሎች አገኙ። የነርቭ ሴሎች ናቸው ብለው ያመኑ ቢሆንም፣ የሰውነት በሽታ መከላከያ አካል መሆናቸው ከመቶ ዓመት በኋላ ተረጋግጧል።

በ1869 ለዶክትሬት ማሟያ ጽሑፋቸው የጥንቸል ቆሽት በማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ከሚያመነጩት የተለዩ፣ እዚህም እዚያም ተበትነው የሚገኙ የሴል ስብስቦችን ተመለከቱ። ተግባራቸውን በተመለከተ ግን መላ ምት ከመደርደር ይልቅ እንደማያውቁት በግልጽ ማስፈራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ በማስተማር ላይ ሳሉ በ1874 የሳንባ ነቀርሳ ያዛቸው። በየአገሩ ሕክምና ቢከታተሉም ባለመዳናቸው የማስተማር ሥራቸውን ለመተው ተገደዱ፤ በ1875 የፖርቱጋል ግዛት ወደሆነችው የማዴይራ ደሴት አመሩ። በፉንሻል ከተማ ጤናቸው በመጠኑ ሲመለስ እንደ እርሳቸው በነቀርሳ የታመሙ ሰዎችን ያክሙ፣ በትርፍ ጊዜያቸውም የባሕር ትሎችን ያጠኑ ነበር። በ1885 ትዳር መሠረቱ። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ ጁላይ 20 ቀን 1888፣ 41ኛ ዓመታቸውን ሊይዙ አምስት ቀን ሲቀራቸው በኩላሊት ሕመም አርፈው በዚያው በፉንሻል ተቀበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ኦስካር ሚንኮቭስኪና ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ ቆሽቱ የወጣለት ውሻ በስኳር በሽታ እንደሚያዝ አሳዩ። በ1893 ደግሞ ፈረንሳዊው ጉስታቭ ላጌስ ስብስቦቹን በላንገርሃንስ ስም ጠሯቸው። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ተለይቶ የወጣው በ1921 ነው።

ደሴቶቹ ከቆሽት ክብደት ከሁለት በመቶ የማይበልጡ በመሆናቸው ለይቶ ማውጣቱ ለረጅም ጊዜ አስቸጋሪ ሆኖ ቆይቷል። በ1967 በአሜሪካ ፖል ሌሲና ሜሪ ኮስቲያኖቭስኪ ኮላጅኔዝ የተባለ ኢንዛይም በመጠቀም የአይጥ ደሴቶችን ለዩ። ኢንዛይሙ ደሴቶቹን አቅፎ የያዘውን ተያያዥ ሕብረ ሕዋስ ያሟሟል፤ ከዚያም ደሴቶቹ ከቀሪው የቆሽት አካል ይልቅ ቀላል በመሆናቸው መጠነ ክብደቱ በተለያየ ፈሳሽ ውስጥ በፍጥነት በማሽከርከር ይጣራሉ። ካሚሎ ሪኮርዲ በ1988 ሥራውን በከፊል በመሣሪያ እንዲከናወን አደረጉ።

በካናዳ ኤድመንተን በ2000 ይፋ በሆነው ጥናት ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰባት ሕሙማን በሙሉ ኢንሱሊን መወጋት አቁመው ነበር። ለሁሉም ከአንድ ለጋሽ የተገኘው ደሴት በቂ ባለመሆኑ የሁለተኛ ሰው ቆሽት አስፈልጓል።