ከጊዮርጊስ ማልያ እስከ ካፍ ወንበር፦ ይድነቃቸው ተሰማ እና የሰሯቸው ቡድኖች

ሲኤምሲ አካባቢ ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ ቤት የገባ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ይጀመራል። ፈርጉሰን ይበልጣል፣ የለም ጋርዲዮላ ነው፣ ክሎፕስ ቢሆን... ቡድን የሚለውጥ መሪ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚለውን ጥያቄ የሰፈራችን ልጆች ከማንም በላይ ይጨቃጨቁበታል። በዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል ግን የአንድ ሀበሻ ስም ሲነሳ እምብዛም አንሰማም። ኢትዮጵያ ብቸኛውን የአፍሪካ ዋንጫዋን ስታነሳ አሰልጣኝ የነበሩት፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) 15 ዓመት በፕሬዝዳንትነት የመሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ዛሬ የእሳቸውን ታሪክ እናውጋችሁ።

አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። በምኒልክ ዘመን ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት፣ በግጥማቸውና በጨዋታ አዋቂነታቸው ስማቸው እስከዛሬ የሚጠራው ነጋድራስ ተሰማ። ልጅየው ኋላ ላይ በዓለም መድረክ ቆመው ሲናገሩ አዳራሽ ጸጥ የሚያሰኙበት አንደበት ከየት እንደመጣ መገመት አያቅትም።

በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽ እና ጆርጅ ዱካስ አራዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሰርቱ ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ቡድኑን ተቀላቀሉ። ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የፋሺስቱ አገዛዝ ሀበሻና ነጭ አንድ ሜዳ ላይ እንዲገጥሙ አይፈቅድም ነበር። ከነፃነት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ እና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ባሉበት መሀል የሀበሻው ቡድን ጊዮርጊስ ነበር። እንግዲህ አስቡት። በዚያ ማልያ ኳስ መምታት ኳስ መምታት ብቻ አልነበረም።

ያንን ማልያ 23 ዓመት ለበሱት። 365 ጨዋታ፣ 318 ጎል ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ጎን ለጎን ደግሞ የአገሪቱን ስፖርት የሚያደራጅ ጽህፈት ቤት እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ናቸው። ጠዋት ቢሮ፣ ከሰዓት ሜዳ። ተጫዋች ሆነው የሚያስተዳድሩ፣ አስተዳዳሪ ሆነው የሚያሰለጥኑ ሰው ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንውጣና፣ ከተማችን ውስጥ በየሆቴሉ አዳራሽ የአመራር ስልጠና የሚሰጥ ሰው ሁሉ ምሳሌው ስቲቭ ጆብስ ነው። የሚያስተምሩት ነገር ግን ቀላል ነው፦ አንዳንድ መሪ ሰውን የሚያሰራው በደሞዝና በቅጣት ነው፤ ሌላው ደግሞ ሰውየው ከራሱ ጥቅም በላይ ለሆነ ነገር እንዲነሳ ያደርገዋል። ሁለተኛው ለውጥ አምጪ ይባላል። ያ መሪ ራሱ የሚስብ ሰው ሲሆን ካሪዝማ አለው ይሉታል። እኛ ድሮም ግርማ ሞገስ የምንለው ነው። ይህን ለማስረዳት ካሊፎርኒያ መሄድ አያስፈልግም፤ መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው ስታዲየም ይበቃል።

ጥር 1954 ዓ.ም.። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ውድድሮች ኢትዮጵያ ግብፅን ሁለት ጊዜ ገጥማ ሁለቱንም 4 ለ 0 ተሸንፋለች። ስምንት ጎል ገብቶባት አንድም አላገባችም። አሁን አሰልጣኙ ይድነቃቸው ናቸው። ቡድኑ ደግሞ እንደ አገሪቱ ድብልቅ ነው። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ከአስመራ የመጡ፣ በአባታቸው ጣሊያን በእናታቸው ኤርትራዊ የሆኑ ልጆች ናቸው። በረኛው ጊላሚካኤል ነው። ከጊዮርጊስ መንግስቱ ወርቁ አለ። ከጣሊያን ወረራ 20 ዓመት ትንሽ ያለፈው ሕዝብ ፊት የጣሊያን ስም ያለው ልጅ አምበል ሆኖ መውጣቱን ልብ በሉልን።

ግማሽ ፍፃሜው ላይ ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ፍፃሜው ከግብፅ ጋር ሆነ። 35ኛው ደቂቃ ላይ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ኢትዮጵያ 74ኛው ደቂቃ ላይ አቻ ሆነች፤ ሕዝቡ ጨፍሮ ሳይጨርስ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ባዳዊ ደገመው። ሁለት ለአንድ፣ የቀረው ሩብ ሰዓት። ያውም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አራት አራት ባስገባ ቡድን። እንዲህ ያለ ሰዓት ነው ቡድን የሚፈርሰው። አልፈረሰም። ኢታሎ 84ኛው ደቂቃ ላይ አቻ አደረገ። ጭማሪው ሰዓት ላይ ኢታሎ ደገመ፣ መንግስቱ ወርቁ 117ኛው ላይ ዘጋው። 4 ለ 2። ዋንጫውን ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቻኖ አስረከቡ።

እኛ እንደምናየው ያ ድል የታክቲክ ብቻ አይደለም። 23 ዓመት ያለምንም ሀብት ኳስ የተጫወተ ሰው፣ ነጮች ባሉበት ሜዳ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ የተጫወተ ሰው፣ ተጫዋቾቹን የጠየቃቸው እሱ ራሱ ያደረገውን ነው። ተጫዋች ደግሞ ይህን ወዲያው ይለያል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ሰውየው ሌላም ቡድን እየሰሩ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካፍን ሲመሰርቱ ከመስራቾቹ አንዱ ናቸው። አብዛኛው አፍሪካ ገና ቅኝ ግዛት ነው። ደቡብ አፍሪካ ለውድድሩ ወይ የነጭ ብቻ ወይ የጥቁር ብቻ ቡድን ልላክ ስትል ሌሎቹ አንቀበልም አሉ፤ ከውድድሩም ወጣች። ጉዳዩ እዚያ አላበቃም። ይድነቃቸው በፊፋም ሆነ በኦሎምፒክ ኮሚቴው ውስጥ ያንን ክርክር ለዓመታት ተሸክመውት ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ከፊፋ ሙሉ በሙሉ ተባረረች።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ነው። ፊፋ ከ16 ቦታ ለአፍሪካ አንድም ሙሉ ቦታ አልሰጠም ነበር። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ አሸናፊ ጋር ተጫውቶ ይለፍ ተባለ። ይድነቃቸው እና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተነሱ፣ የአፍሪካ አገሮችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ገና ነፃነቷን ያገኘች አገር ለዓለም ዋንጫ የመጫወት ዕድሏን አሳልፋ መስጠት ማለት ነው። ግን በአንድ ድምፅ ቆሙ። በ1970 ሞሮኮ በአፍሪካ በራሷ ቦታ ሜክሲኮ ገባች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ። ዛሬ በ48ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ አላት።

በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዝዳንት ሆኑ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸውም ቆዩ። በአገር ቤት ንጉሡ ወርደው ደርግ ሲመጣ እንኳን የእሳቸው ወንበር አልተነቃነቀም። የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ኳሳችን ላይ አይለጠፍም ብለው ሞገቱ፤ ገንዘብ እንደሚያስቀር እያወቁ።

ሁሉም አቋማቸው ግን ትክክል ነበር ለማለት አንደፍርም። የአፍሪካ ተጫዋች ወደ አውሮፓ መጉረፉን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር ከሁለት በላይ በውጭ የሚጫወት ልጅ እንዳታሰልፍ የሚለው ደንብ ለዓመታት የቆየው በዚሁ መንፈስ ነው። ስጋታቸው ይገባናል፤ አገር ውስጥ ያለው ሊግ ይራቆታል ነው። ተራቁቷልም። ግን የድሃ ቤተሰብ ልጅ ሙያውን ሸጦ እንዳያድር መከልከልስ ፍትሕ ነው? ደንቡም ከጊዜው ጋር መሄድ አቅቶት ቀረ።

ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ስለ ግርማ ሞገስ ሲጽፍ ያነሳው አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ሰውየው ሲሄድ ምን ይተርፋል? ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በቡሄ ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ አረፉ። የሰሯቸው ሁለት ቡድኖች ከዚያ በኋላ የሄዱበት መንገድ ለየቅል ነው።

ካፍ ደንብ፣ ጉባኤ፣ ድምፅ፣ ተራ ነበረው። የማይስማማ አገር እጁን አውጥቶ ይቃወማል። ስለዚህ ሰውየው ሲሞቱ ቤቱ አልተናጋም። (የረጅም ሥልጣን ልማዱም አብሮ ሳይወረስ አልቀረም፤ ኢሳ ሀያቱ ከእሳቸው በኋላ መጥተው 29 ዓመት ነው የቆዩት።)

የኛው ቤትስ? እዚህ እሳቸው አሰልጣኝ፣ እሳቸው ኃላፊ፣ እሳቸው ተደራዳሪ ነበሩ። አንድ ሰው ሁሉን ሲይዝ ሥራው ይሳለጣል፣ ሌላ ሰው ግን አይለምድበትም። ኢትዮጵያ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ውድድሩን ደግማ ብታዘጋጅም ዋንጫውን አልደገመችም። በ1974 ዓ.ም. መንግስቱ ወርቁ፣ ያ የ117ኛው ደቂቃ ልጅ፣ አሰልጣኝ ሆኖ ቡድኑን ወደ አፍሪካ ዋንጫ ወሰደው። የይድነቃቸው እጅ የደረሰው እስከዚያ ነው። ከዚያ 31 ዓመት ዝም። ሰውነት ቢሻው በ2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ እስኪያደርሱን ድረስ።

የቅርቡን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስታዲየሞቻችን የካፍን መስፈርት አያሟሉም ተብሎ ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ሲያደርጉ ዓመታት አሳልፈዋል። መስፈርቱን የሚያወጣው ይድነቃቸው ካርቱም ላይ የመሰረቱት ድርጅት ነው። ከሲኤምሲ ወደ ቦሌ ስትወርዱ የአደይ አበባ ስታዲየም ኮንክሪት ከሩቅ ይታያል። ግንባታው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።