አንቷን ዳባዲና የቦንጋ ማዕዘኖች

አንቷን ዳባዲ በ1810 ዓ.ም. በደብሊን ተወለደ፤ እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1838 ከወንድሙ ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሰ፤ የኢትዮጵያ ጉዞውም እስከ 1848 ዘለቀ። የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። እኛን መሐንዲሶችን የሚመለከተው ግን የማዕዘን ዝርዝሩ ነው።

በ1843 የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ሙሽራ ለማስመጣት ወደ ከፋ ከላካቸው መልእክተኞች ጋር ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ ገባ። የቆየው ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከኮረብታ ላይ ቴዎዶላይቱን ተክሎ በሩቅ የሚታዩትን ተራሮች አንድ በአንድ ያነጣጥራል፤ አቅጣጫቸውንና ከፍታቸውን ይመዘግባል። መሬት ላይ ገመድ ሳይዘረጋ፣ የሁለት ቦታዎችን ኬክሮስና አንዱ ከሌላው የሚታይበትን አቅጣጫ ይዞ ርቀታቸውን ያሰላል።

ከዚህ ጉዞ ያወጣው መደምደሚያ ግን ስሕተት ነበር። የነጭ ዓባይ ምንጭ በጊቤ አገር ይገኛል ብሎ አመነ፤ የጊቤ ውኃ ግን በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ይገባል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ ከዚያም አልፎ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ሰውየው ከፋን ከቶ አልረገጠም ሲል ከሰሰው፤ ከፈረንሳይ የጂኦግራፊ ማኅበር የተሸለመውንም የወርቅ ሜዳይ በተቃውሞ መለሰ። የሚያስንቅ ክስ ነው። ዳባዲ ከ1860 ጀምሮ የልኬት መጽሐፉን በተከታታይ ክፍሎች አሳተመ፤ ሥራው በ1873 ተጠናቀቀ። ስሌቱን መርምሮ ያዘጋጀው በጉዞው ያልነበረው ሮዶልፍ ራዶ ነው። በእኔ ግምት ከሙግቱ ሁሉ የሚበልጠው መልስ ይህ ነው፤ ራዶ በዳባዲ እምነት ላይ ሳይሆን በማዕዘኖቹ ላይ ሊሠራ ችሏልና።

እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚረከብ ሰው ቁጥሩን ብቻ ቢወስድ ይሳሳታል። የዚያ ዘመን ፈረንሳውያን ኬንትሮስን የሚቆጥሩት ከፓሪስ ነበር። ከግሪኒች እንደተቆጠረ አድርጎ ወደ ዛሬ ካርታ ያስገባው ሰው ቦንጋን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ያርቃታል። የራሱን የኅብረ ብርሃን መስመሮች ዝርዝር ወደ ሥነ ፈለክ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያስገባ ባለሙያም ከዚሁ ችግር ጋር ይገናኛል። የሃይድሮጅን ቀይ መስመር በአየር ውስጥ 6562.8፣ በባዶ ኅዋ ደግሞ 6564.6 አንግስትሮም ነው። የትኛው እንደሆነ በዝርዝሩ ካልተገለጸ፣ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ለኮከቡ በሴኮንድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሐሰት ፍጥነት ሊሰጠው ይችላል።

ዳባዲ በኋላ በአንዳይ ባሠራው ግንብ ውስጥ የአማርኛ ጽሑፎችን አስቀረጸ፤ የከዋክብት መመልከቻም አቋቋመ። የመመልከቻው መሣሪያ ክቡ በ360 ሳይሆን በ400 የተከፈለ ነበር፤ በአሥር የመቁጠር ፍቅሩ እስከዚህ ድረስ ነበር። ግንቡን በ1895 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ሲያወርስ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር እንዲዘጋጅ ግዴታ ጣለ። በ1897 ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ መመልከቻው እስከ 1975 ሲሠራ ቆየ።