ጆርጅ ደ ሄቬሲ፤ የአጥንትን ሕያውነት ያሳየ ኬሚስት

ጆርጅ ደ ሄቬሲ እ.ኤ.አ. በ1885 በቡዳፔስት ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1911 ማንቸስተር በሚገኘው በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ሳለ፣ ራዲየም ዲ የተባለውን ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ከእርሳስ እንዲለይ ታዘዘ። ብዙ ደከመ፤ ሆኖም ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ ዓይነት ስለ ነበር ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ሆነ። ሄቬሲ ግን ከዚሁ መሰናክል ታላቅ ሐሳብ አፈለቀ፤ ይኸውም ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ እርሳስ የብዙውን እርሳስ ጉዞ ሊጠቁም ይችላል የሚል ነው። በ1913 በቪየና ከፍሪትዝ ፓኔት ጋር ሐሳቡን በሥራ ላይ አዋለው፤ በ1923ም በኮፐንሃገን ሆኖ እርሳስ በዕፅዋት ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር ተከታተለ።

በ1935 ሄቬሲና ኦቶ ቺዬቪትስ ራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ ያለበትን ምግብ ለአይጦች ሰጡ። ፎስፎረሱ ወደ አጥንት ሲገባ፣ ቀደም ሲል የነበረውም ከአጥንት ሲወጣ ታየ። እንደ ድንጋይ የረጋ ይመስል የነበረው አጥንት ሳያቋርጥ የሚታደስ ሕያው አካል መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ሄቬሲ በ1943 በናዚ ጀርመን ከተያዘችው ዴንማርክ ወደ ስዊድን ሸሸ፤ የዚያኑ ዓመት የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትም ለእርሱ ተሰጠ። በ1966 በፍራይቡርግ ከተማ አረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሱብራማንያንና ማካፊ ቴክኒሺየም 99ኤምን ከፎስፌት ውሁድ ጋር አጣምረው ዛሬ ለምናውቀው የአጥንት ስካን መሠረት ጣሉ።

እንግዲህ ጋማ ካሜራው የሚያነሣው ምስል ሊተረጐም የሚገባው በሄቬሲ ግኝት መሠረት ነው። በምስሉ ላይ የጠቆረ ቦታ፣ አጥንቱ በዚያ ሥፍራ በፍጥነት እየታደሰ መሆኑን ወይም ደም በብዛት መድረሱን ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ካንሰርም፣ ስብራትም፣ ኢንፌክሽንም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምም ያጠቁሩታል። በካንሰር በሚታከም ሰው አንዲት የጎድን አጥንት ላይ ብቻ የታየ ጥቁረት የቀድሞ ስብራት ሊሆን ይችላል፤ ካንሰሩ ተሠራጭቷል ብሎ መቸኮል ግን የበሽተኛውን ሕክምናና ተስፋ ይለውጣል። በአንጻሩም ካንሰር አጥንቱን ሁሉ ሲወርር ምስሉ ወጥና ያማረ ሊመስል ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የሚያስጠነቅቀው የኩላሊቶቹ መደብዘዝ ነው። መልቲፕል ማየሎማም ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ያልፋል። ስለሆነም ምስሉ ከበሽተኛው ታሪክና ከራጅ ጋር ሳይመሳከር ፍርድ ሊሰጥበት አይገባም።

ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ መሣሪያ የሚመልሰው የሚለካውን ብቻ ነው። አንባቢው ምን እንደ ተለካ ካላወቀ፣ እጅግ የጠራው ምስል እንኳ ወደ ስሕተት ይመራዋል።