የዊልሄልም ሆፍማይስተር ሕይወትና የፈርን ምስጢር

አበባ የማያወጣ፣ ፍሬ የማያፈራ፣ ዘርም የማይጥል ተክል እንዴት ይራባል? ይህ ጥያቄ የአውሮፓን የዕፅዋት ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ጥያቄውን በተለይ ያስነሣው ፈርን የተባለው፣ በእርጥብ ደን ጥላ ሥርና በምንጭ ዳር የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ ለጋው ቅጠልም ተጠቅልሎ የሚወጣ ተክል ነው። በአውሮፓ ባላገሩ የፈርን ዘር የማይታይ በመሆኑ የያዘውንም ሰው ይሰውራል ብሎ ያምን ነበር። ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስም በ1735 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዕፅዋትን በየወገናቸው ሲመድብ፣ ፈርንንና መሰሎቹን ጋብቻቸው የተሰወረ ብሎ በአንድ ክፍል ከማኖር አላለፈም። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ የገለጠው በዩኒቨርሲቲ ያልተማረ የሙዚቃ መጻሕፍት ነጋዴ ነበር።

ዊልሄልም ሆፍማይስተር በሜይ 18 ቀን 1824 ዓ.ም. በጀርመን አገር በላይፕትሲግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የሙዚቃ ድርሰቶችን እያሳተመ የሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ ዕፅዋትን ይወድ ስለነበር የአትክልት ቦታና የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ ነበረው። ልጁ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቁሞ ንግድ ሊለማመድ ወደ ሐምቡርግ ተላከ። ከሁለት ዓመት በኋላም ተመልሶ በአባቱ ድርጅት ውስጥ ከውጭ አገር ደንበኞች ጋር የሚደረገውን የደብዳቤ ልውውጥ ያዘ። በዚህ ጊዜ ነበር የማትያስ ሽላይደንን የዕፅዋት ትምህርት መጽሐፍ ያነበበው። መጽሐፉ ተክልን ለማወቅ ከመጀመሪያው ሕዋስ ጀምሮ እድገቱን መከታተል እንደሚያስፈልግ ያስተምር ነበር፤ ወጣቱም ይህን ምክር የሕይወቱ መመሪያ አደረገው። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት ማለዳ እየተነሣ በማይክሮስኮፕ ይሠራ ነበር። ዓይኑ ከቅርብ በቀር አያይም ነበርና፣ ጉድለቱ ጥቃቅን ነገሮችን አቅርቦ እየተመለከተ በቀጭኑ ለመቁረጥ ጠቀመው።

የመጀመሪያው ታላቅ ሥራው ያረፈው በዚያው በመምህሩ በሽላይደን ሐሳብ ላይ ነው። ሽላይደን የአበባ ብናኝ የሚያበቅለው ቀጭን ቱቦ ጫፉ ራሱ ወደ ጽንስነት ይለወጣል፣ ሴቴውም ክፍል ማደሪያ ብቻ ነው ይል ነበር። ሆፍማይስተር ግን ጽንሱ የሚመነጨው ቱቦው ከመድረሱ በፊት በሴቴው ክፍል ውስጥ ከነበረ የእንቁላል ሕዋስ መሆኑን በብዙ ዓይነት ዕፅዋት መርምሮ በ1849 ዓ.ም. አሳተመ። የመምህሩን ዘዴ አክብሮ የመምህሩን ስሕተት አረመ።

ከዚህ በኋላ ወደ ፈርን ዞረ። በፈርን ቅጠል ጀርባ በተርታ የሚታዩት ቡናማ ነጠብጣቦች ስፖር የሚባለውን ደቃቅ ብናኝ የያዙ ከረጢቶች መሆናቸው ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ነገር ግን ዘር በውስጡ ጽንስ ሲይዝ፣ ስፖር አንድ ሕዋስ ብቻ ነው። ሊቃውንቱ ወንዴና ሴቴውን ክፍል በትልቁ ቅጠል ላይ ሲፈልጉ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1844 ዓ.ም. ካርል ኔግሊ የወንዴውን ክፍል፣ በ1848 ዓ.ም. ደግሞ ሌሽቺትስ ሱሚንስኪ የሴቴውን ክፍል፣ ማንም ባልጠበቀው ቦታ፣ ከስፖሩ በሚበቅለው ትንሽ ቅጠል መሰል ነገር ላይ አገኙ። ሁኔታው እርስ በርሱ እንዴት እንደሚያያዝ ግን ገና ግልጽ አልነበረም።

ሆፍማይስተር መላውን ታሪክ አንድም ደረጃ ሳይዘል ተከተለው። ከረጢቱ ሲደርቅ ይፈነዳል፤ ስፖሩም በነፋስ ተወስዶ እርጥብ መሬት ላይ ያርፋል። ከዚያም ፕሮታለስ የተባለ፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ስስ አረንጓዴ አካል ይሆናል። ይህ አካል እውነተኛ ሥር የለውም፤ በጸጉር መሰል ክሮች መሬት ይዞ ውሃ ይስባል፣ በፀሐይ ብርሃንም ምግቡን ራሱ ያዘጋጃል። በሆዱ በኩል ወንዴና ሴቴ ክፍሎች ይወጡበታል። ዝናብ ወይም ጤዛ ሲያርሰው፣ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠቀለሉት የወንዴ ሕዋሳት በውሃው ውስጥ እየዋኙ ወደ እንቁላሉ ይደርሳሉ። ውሃ ከሌለ ውሕደት የለም፤ ፈርን እርጥበትን የሚሻበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከተዋሐደው ሕዋስ የሚያድገው ጽንስ የራሱን ሥርና ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ከፕሮታለሱ ምግብ ይቀበላል፤ ፕሮታለሱም ከዚያ በኋላ ይሞታል። እኛ ፈርን የምንለውና ለብዙ ዓመት የሚኖረው ተክል ይህ ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ እርሱም በተራው ስፖር ይሰጣል።

ታላቁ ግኝት ግን የፈርን ታሪክ ብቻ አልነበረም። ሆፍማይስተር በድንጋይና በግንድ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅሉትን ሞሶች ሲመረምር፣ ያው መፈራረቅ በተገላቢጦሽ ተገኘ፤ በሞስ አረንጓዴው ተክል ወንዴና ሴቴ የሚያፈራው ትውልድ ሲሆን፣ ስፖር ሰጪው በላዩ ተተክሎ ከእርሱ የሚመገብ ነው። በጥድ ወገን ደግሞ የፕሮታለስ አምሳያ በዘሩ ውስጥ ተሸሽጎ አገኘው። ስለዚህ ሞስ፣ ፈርንና ጥድ በአንድ ሥርዓት የሚኖሩ ዘመዳሞች መሆናቸው ታየ። ይህን በ33 የሥዕል ገጾች አስደግፎ በ1851 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። የሮስቶክ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ዳርዊን የዝርያዎችን አመጣጥ ያሳተመው ከዚህ ስምንት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሆፍማይስተር ንጽጽር የዝምድናው ምስክር ሆኖ ተገኘ።

ሱቁን እየጠበቀ ጥናቱን ለብዙ ዓመት ከቀጠለ በኋላ በ1863 ዓ.ም. በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና የዕፅዋት ማእከሉ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፤ በ1872 ዓ.ም. ወደ ቱቢንገን ተዛወረ። የመጨረሻ ዘመኑ ግን ኀዘን የበዛበት ነበር። ባለቤቱን በ1870 ዓ.ም. በሞት ተነጠቀ፤ ከልጆቹም ብዙዎቹን ቀበረ። በጽኑ ሕመም ተይዞ በጃንዋሪ 12 ቀን 1877 ዓ.ም. በላይፕትሲግ አጠገብ በሊንደናው በ52 ዓመቱ አረፈ።

የተከለውን ግን ሌሎች አጨዱት። በ1894 ዓ.ም. ኤድዋርድ ሽትራስቡርገር ሁለቱ ትውልዶች በክሮሞሶም ቁጥር እንደሚለያዩ፣ ፕሮታለሱ የፈርኑን ግማሽ ብቻ እንደሚይዝ አብራራ። በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ጃፓናዊው ሳኩጎሮ ሂራሴ በጊንኮ ዛፍ ውስጥ የሚዋኝ የወንዴ ሕዋስ አገኘ፤ ሆፍማይስተር ዘር በሚሰጡ ዛፎችና በፈርን መካከል ያየው ዝምድናም ተረጋገጠ።

የሙያ ባልደረባ የሆነ አንባቢ ይህን ለማየት ብዙ መሣሪያ አያሻውም። ስፖሩ የበሰለ የፈርን ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ ቢያኖር በማግስቱ ቡናማውን ብናኝ ያገኛል። ያንንም በእርጥብ ንጹሕ አፈር ላይ ነስንሶ በመስተዋት ቢከድነው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያን አረንጓዴ ልብ ያያል። ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ በቅጠሉ ላይ የፈለጉት መልስ የነበረው በእግራቸው ሥር በዚህ ደቃቅ ነገር ላይ ነበር፤ ሆፍማይስተር ያገኘውም ከፍ ካለው መሣሪያ ይልቅ በየማለዳው አንድ ደረጃ ሳይዘል በመከታተሉ ነው።