አቲላን የገደለው ነስር

ነስር ቀላል ነገር ይመስልዎ ይሆናል። የሁኖቹ ንጉሥ አቲላ ግን የሞተው በነስር እንደሆነ ይነገራል።

አቲላ እ.ኤ.አ. በ434 ከወንድሙ ከብሌዳ ጋር ነገሠ፤ ብሌዳ ከሞተ በኋላ ብቻውን ገዛ። ምሥራቃዊቷን ሮም በዓመት 2,100 ፓውንድ ወርቅ አስገበረ፤ በ451 ጎልን፣ በ452 ጣሊያንን ወረረ። በ453 ኢልዲኮ የምትባል ወጣት አገባ። በሠርጉ ሌሊት ብዙ ጠጥቶ በጀርባው ተኛ፤ እንደተኛም ነሰረው፤ ደሙ ወደ ጉሮሮው ወርዶ አፈነው። በማግስቱ ጠባቂዎቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ሙሽራዋ ታለቅስ ነበር። ገደለችው የሚሉም አሉ፤ በገላው ላይ ግን ቁስል አልተገኘም ተብሏል።

አብዛኛው ነስር የሚነሳው ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳዎች ከሚለየው ግድግዳ የፊተኛው ክፍል ነው። እዚያ ስስ በሆነው ሽፋን ሥር ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ቀጫጭን የደም ቧንቧዎች ይገናኛሉ። ከኋላ በኩል ያለው ትልቁ ቧንቧ ሲደማ ግን ደሙ በብዛት ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። አልኮል ደግሞ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ደም ቶሎ እንዳይረጋም ያደርጋል።

ስለዚህ ሲነስርዎ አይጋደሙ፣ ራስዎንም ወደ ኋላ አያዘንብሉ። ቁጭ ብለው ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፤ የአፍንጫዎን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ጨምቀው ይያዙ፤ በአፍዎ ይተንፍሱ። ከ30 ደቂቃ በኋላም ካልቆመ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።